ኪሩቤልን የተሸከመው ሰው

አቶ ናሆም ጌታሁን ወደ ጓደኛቸው አርባ የሄዱት ከፊት ረድፍ እንደሚቀመጡ ዐውቀው ነበር። የሟቹ የኪሩቤል ባለቤት ወይዘሮ ማክዳ በዋዜማው ደውለው፣ «ጋሽ ናሆም፣ መክፈቻው ላይ እርስዎ አጠገቤ ነው የሚሆኑት፤ እሱም ቢኖር የሚፈልገው ይህንኑ ነው» ብለዋቸዋል። ስለዚህ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ልጃቸው ሶልያና ያሰረችላቸውን ከረባት ደጋግመው እያላሉ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወደሚገኘው አዳራሽ በጠዋት ደረሱ።

ድሮ አርባ ላይ ጸሎት ይደረጋል፣ ዝክር ይበላል፣ ሰው ይበተናል። አሁንም ጸሎቱም ዝክሩም አለ፤ ከዝክሩ በኋላ ግን መክፈቻ ይከተላል። ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ ሰው ያሳለፈው ሕይወት በሕግ ክድን ነው። እሱ ካልፈቀደ በቀር የገዛ ልጁም ብትሆን ያለፈውን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ መላሹን፣ ጠይቃ፣ «አባዬ፣ ነገሩ እንዲህ አልነበረም» ልትለው አትችልም። ሲሞት ክድኑ ይነሳል። ቤተሰብ ሦስት ወይም አራት ቀን ይመርጣል፤ መላሹም የድሮ ስልኮች ያዩትንና የሰሙትን ሰብስቦ ግድግዳው ላይ ይመልሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ሠርግ፣ የልጅ መወለድና አንድ ጥሩ ጉዞ ነው። ሰው ትንሽ አልቅሶ፣ ብዙ ስቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የኪሩቤል ቤተሰብ ሠርጉን፣ የበኩር ልጁን መወለድና ሳኔቲን መርጧል።

ሳኔቲን የማያውቅ ዘመድ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በታች ያለ ሰው «ትዝ ይለኛል» የሚለውን ቃል እምብዛም አይጠቀምበትም፤ አንዱ ስላየው አገር ማውራት ሲጀምር ሌላው «አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለ ይታያል፣ ከሌለ ወሬው ይቀየራል። ያለ ምስል የሚያወሩት ሕይወታቸው ክድን የሆነ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ለዚህም ይሆናል ልጆች በየበዓሉ አቶ ናሆምን ከብበው፣ «የሳኔቲውን ይንገሩን» የሚሏቸው።

እሳቸውም ይነግሯቸዋል። ሦስቱ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ፤ ናሆም፣ ኪሩቤልና የጎባው ልጅ ነስረዲን። በነስረዲን አጎት አሮጌ መኪና የሳኔቲን አምባ አቋርጠው ወደ ሀረና ጫካ ሊወርዱ ተነሱ። አምባው ላይ መኪናዋ ቆመች፣ ጉም ወረደ። ኪሩቤልን የከፍታው አየር ጣለው፤ አስመለሰው፣ ቃዠ፣ እግሩ ከዳው። ነስረዲን «ሰው ልጥራ» ብሎ ጉሙ ውስጥ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ናሆም ኪሩቤልን አዝሎ ቁልቁል ወረደ። ቀይ ቀበሮ ጎን ለጎን ተከተለቻቸው። ጫማው ተቀደደ። ኪሩቤል ጆሮው ሥር «ተወኝ» ሲለው፣ «ዝም በል! አንተም ከባድ ነህ፣ ወሬህ ደግሞ ይብሳል» ብሎ መለሰለት። እዚህ ላይ ልጆቹ ሁልጊዜ ይስቃሉ። ሪራ መንደር ሲደርስ ከአንድ ጎጆ ደጃፍ ተንበርክኮ ወደቀ።

ኪሩቤል የበኩር ልጁን ናሆም ብሎ ሰይሟል። ልጁ ዛሬ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ቢሆንም ትንሹ ናሆም ነው የሚባለው። በመክፈቻው ቀን መላሹን የያዘው እሱ ነበር።

ሠርጉ ታየ፤ ሰው ሳቀ። ልደቱ ታየ፤ ወይዘሮ ማክዳ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ ትንሹ ናሆም ወደ አቶ ናሆም ዞር ብሎ ፈገግ አለና «አሁን የእርስዎ ተራ ነው፣ ጋሼ» አለ።

ግድግዳው ነጭ ሆነ። ጉም ነበር። ምስሉን የቀረጸው የኪሩቤል ስልክ ነው፤ አንዲት ኮፈኗ የተከፈተ መኪናና የሁለት ወጣቶች ጀርባ በጭጋጉ ውስጥ ይታያል። ከዚያ ስልኩ ወደ መሬት ዘመመ፤ ኪሩቤል ሲያቃስት ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሣርና የጫማ ጫፍ ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር።

«እኔ ወርጄ ሰው ልጥራ» አለ አንዱ ድምፅ። «ሁለታችንም እዚህ ብንደርቅ ምን ይጠቅማል?»

«በጉም አንለያይ» አለ ሌላው፤ አነጋገሩ የባሌ ነው። «ተራ በተራ እንሸከመው።»

«ፈጥኜ እመለሳለሁ፣ ነስሩ።»

የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ራቀ፤ ጠፋ።

አቶ ናሆም የመጀመሪያውን ድምፅ ወዲያው አላወቁትም። ሰው የራሱን የወጣትነት ድምፅ ቶሎ አይለየውም። ያወቁት አዳራሹ ዝም ሲል ነው።

ግድግዳው ላይ ነስረዲን ብቻውን ቀረ። ስልኩን አንስቶ ለመደወል ሞከረ፣ አልሠራም፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ትንፋሽ ነው። ሰው ሰውን አዝሎ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ያ ተሰማ። ድንጋይ ተንከባለለ። ነስረዲን ኪሩቤል እንዳይተኛ የአባቱን ፈረሶች ስም እየጠራ፣ ድገመው ይለዋል፤ «ዳማ በል። ቦራ በል። ቡላ በል፤ ቡላ እኔን የጣለኝ ነው፤ በል እንጂ!»

«ተወኝ» አለ የኪሩቤል ደካማ ድምፅ።

«ዝም በል! አንተም ከባድ ነህ፣ ወሬህ ደግሞ ይብሳል።»

ከኋላ የተቀመጡ ልጆች እንደ ልማዳቸው ሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ አቆሙ።

ትንሹ ናሆም እጁን ወደ መላሹ ዘረጋ፤ ወይዘሮ ማክዳ ግን «ተወው፣ ይለቅ» አሉት። ምስሉ ቀጠለ። በር ተንኳኳ፤ ሰዎች በኦሮምኛ ተንጫጩ፤ ከነስረዲን ኪስ ሆኖ ስልኩ ምድጃ አየ። ከምድጃው አጠገብ ብርድ ልብስ የተከናነበ ወጣት የወተት ኩባያ ይዞ ተቀምጧል። ብድግ አለ። «ልመጣ ነበር» አለ፤ «ጉሙ እስኪገልጥ ነው።»

«ያዘው» አለ ነስረዲን፤ «ጀርባዬ ላይ ነው፣ ያዘው።»

የመጨረሻው ክፍል የጤና ጣቢያ ጣሪያ ነበር። ነግቷል።

«አንተ ነህ የተሸከምከኝ?» አለ ኪሩቤል።

ረጅም ዝምታ። «ዋናው መዳንህ ነው» አለ የወጣቱ ናሆም ድምፅ።

«ነስሩስ?»

«ሄደ።»

ነስረዲን በእርግጥ ሄዶ ነበር፤ ያንኑ ሌሊት ሳይተኛ የአጎቱን መኪና ሊያወርድ ወደ አምባው ተመልሷል። መላሹ ይህንንም ከነስረዲን ስልክ የመንገድ ዱካ አውጥቶ በትንሽ ፊደል ከታች ጻፈው። ከዚያ ግድግዳው ጠፋ።

አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም። ወይዘሮ ማክዳ ተነስተው ራሳቸው ሳህን ይዘው መጡ፤ «ጋሽ ናሆም፣ ምንም አልቀመሱም እኮ» አሉ። ዓይናቸው ሳህኑ ላይ ነበር። አቶ ናሆም ተቀበሉ፤ አንድ ጉርሻ ጎረሱ። በጉንጫቸው እንደያዙት ትንሹ ናሆም መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ነስረዲን የሚባለው ሰው በሕይወት አለ?»

«አላውቅም» አሉ።

«አባቴ ስሙ ሲነሳ ይተፋ ነበር» አለ ጎልማሳው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ የገባው ሰው አነጋገር ነበር። ተነስቶ ወደ እናቱ ሄደ።

ሶልያና አባቷን ደግፋ ስታወጣ ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው። ለትልቅ ሰው እንደሚለቀቀው ሳይሆን የታመመ ሰው ሲያልፍ እንደሚለቀቀው ነበር።

ቤት ሳይደርሱ መልእክቱ ደረሰ። መላሹ ከመክፈቻ በኋላ ለሁሉም ይልከዋል፤ «ያስታወሱትና የሆነው ነገር አለመገጣጠሙ የተለመደ ነው። ሀፍረት ቢሰማዎ ያልፋል። የሚያነጋግርዎ ሰው ከፈለጉ አንድን ይጫኑ።» ሰዎች ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል፤ ቅባት ይሉታል። «ምን አለበት፣ ትንሽ ቅባት ነው» ብለው ይተላለፋሉ። አቶ ናሆምም ለሌላው ብዙ ጊዜ ብለውታል።

ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ምስሉን አይተዋል፣ ድምፁን ሰምተዋል፣ እውነት መሆኑን አልተጠራጠሩም። ሆኖም ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የኪሩቤል ክብደት አሁንም ጀርባቸው ላይ ነው። ትንፋሹ ማጅራታቸውን ያሞቀዋል። ያ ቀን በእውነቱ የነበረው ወተትና ምድጃ ጨርሶ አይመጣላቸውም። ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ ቢጠየቁ፣ በገዛ ሰውነታቸው የሚምሉት በውሸቱ ነው።

በማግሥቱ ሶልያናን ጠሯት። «ክድኔን ክፈቺው» አሏት።

«አባዬ፣ አያስፈልግም። ሁሉም ሰው እንደዚያው ነው።»

«ሁሉን ነገር አልፈልግም። ሳኔቲን ያወራሁበትን ብቻ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

ሶልያና ተማሪ ሳለች ያንን ታሪክ ክፍል ውስጥ ቆማ ተናግራ ተጨብጭቦላታል። ባሏን ስታገባም «የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለህ» ብላ ነግራዋለች። እንቢ ልትል ፈልጋ የአባቷን ፊት አየችና ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መስኮቱን ዘግተው አዳመጡ።

መጀመሪያ የመጣው ከሳምንት በኋላ ለእናታቸው በስልክ የተናገሩት ነው። «እኔ ቀድሜ ሰው ልጠራ ወረድኩ፣ እማ፤ ነስሩ ይዞት መጣ» ይላል። እውነቱ ይኸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ተነግሮ ነበር። ቀጥሎ የተማሪዎች ምግብ አዳራሽ መጣ፤ የሚያወራው ኪሩቤል ነው፤ «ናሆም ነው ያዳነኝ፤ 'አንተም ከባድ ነህ፣ ወሬህ ደግሞ ይብሳል' እያለኝ» ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ ናሆም ዝም ይላል። ከዚያ የኪሩቤል እናት ድምፅ መጣ። ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ «ኧረ እማማ፣ ይተዉ፣ ምን አደረግኩ» ይላል ወጣቱ። እሳቸው ግን ይህንን እንደ ትሕትና ቆጥረው የባሰ አለቀሱ። በምርቃት ግብዣ ላይ «ይዘነው ወረድን» አለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በኪሩቤል ሠርግ ማይክ ሲሰጠው፣ «ተሸክሜው» አለ፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

ቀበሮዋ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። አቶ ናሆም ከሟች ባለቤታቸው ጋር ከሠርጋቸው በኋላ ሌላ ጊዜ በባሌ ሲያልፉ ከአውቶቡስ መስኮት አይተዋት ነበር። ባለቤታቸው «የዚያን ቀንም እንዲህ ያለ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ትንሽ አስበው «ይመስለኛል» አሉ። በሚቀጥለው ትረካ «ይመስለኛል» የለም። የተቀደደው ጫማ አንድ ልጅ «እግርዎን አላመመዎትም?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ መጣ። ነስረዲንም እንደዚሁ። መጀመሪያ «ሄደ»፤ ቀጥሎ «ጥሎን ሄደ»፤ ቀጥሎ «ሸሸ»። መጨረሻ ላይ፣ ከአምስት ዓመት በፊት በፋሲካ ዕለት የተቀረጸው፣ «ጀርባውን ሰጥቶን ሲሮጥ እስከ ዛሬ ይታየኛል» ይላል።

አቶ ናሆም የዋሹበትን ቦታ እየፈለጉ ነበር። እዚህ ጋ ዐውቄ አጠፋሁ የሚሉበት አንድ ቀን ቢያገኙ ይቀላቸው ነበር። አላገኙም። በየቀኑ የጨመሩት ትንሽ ነው፤ የሰሚው ፊት ደስ እንዲለው የሚጨመር ያህል። «ዋናው መዳንህ ነው» ባሉ ጊዜ ብቻ አንድ ዝምታ አለ። ሶልያና ያንን ዝምታ ደግማ ልታሰማቸው ስትል፣ «በቃ» አሏት።

«አባዬ፣ የተለመደ ነው ይላሉ» አለች ሶልያና። ድምፅዋ ግን ተሰብሯል።

«ነስረዲን በሕይወት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

አለ። ጎባ ነው፤ እዚያው የተወለደበት ከተማ።

ሶልያና አብሬህ ልሂድ ብትል እንቢ አሉ። በሳምንቱ ሾፌር አልባው አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ። የአውቶቡሱ መስኮት የሚያሳየው መንገዱን አይደለም፤ በአንድ ጥሩ ቀን የተቀረጸ የመንገዱን ምስል ነው። ዶዶላ ላይ ስንዴው ወርቅ ይመስላል፤ ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም። አቶ ናሆም አስተናጋጇን ጠርተው በእሳቸው መስኮት ላይ ያለውን ምስል እንድታጠፋው ለመኗት። «ምንም የሚታይ ነገር የለም እኮ፣ አባባ» አለች፤ ግን አደረገችው። ውጪው አቧራ ነበር፤ የታጨደ ማሳ፣ የወዳደቀ አጥር። ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ግራጫው ብርሃን ስለረበሸው ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ። እስከ ጎባ ያንን ሲያዩ ሄዱ።

በሩን የከፈተችላቸው የነስረዲን ልጅ ሂክማ ናት፤ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት የእንስሳት ሐኪም። ስማቸውን ሲነግሯት እጇ በሩ ላይ ቀረ።

«ጋሽ ናሆም? ኪሩቤልን የተሸከሙት?»

 መልሳቸውን ሳትጠብቅ አስገብታ አስቀመጠቻቸው። «አባቴ ፈረሶቹ ጋ ነው፤ አሁን ይመጣል። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ለደግ ካልመጡ ግን አሁኑኑ ይሂዱ» አለች። «የበደለዎትን በደል ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍል ኖሯል። አምባው ላይ ጉም ባየ ቁጥር ፈረሱን ጭኖ መንገዱ ላይ ይወጣል። ቱሪስት ይሁን፣ ገበያተኛ ይሁን፣ የቆመ መኪና ይሁን፣ ጉሙ እስኪገልጥ ሲፈልግ ይውላል። ስንቱን አውርዷል! ሰው ሲያመሰግነው ይቆጣል። 'እኔ አንዱን ጥዬ የመጣሁ ሰው ነኝ' ይላል። አሁን እንኳ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ይወጣል።»

ነስረዲን ገቡ። ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ልጓም ትከሻቸው ላይ አለ። እንግዳውን ትንሽ አዩ። ማን መሆናቸውን ሂክማ ሳትናገር ዐወቁ። ልጓሙ ወደቀ። ወደ አቶ ናሆም ሁለት ሦስት ርምጃ መጥተው፣ ምንም ሳይሉ፣ ሊንበረከኩ አንድ እጃቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

«ይቅር በለኝ፣ ናሆም» አሉ። «ስንት ጊዜ ልመጣ ተነስቻለሁ። ፊት አጣሁ።»

አቶ ናሆም በሕይወታቸው ሙሉ እንደዚያች ቅጽበት ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም። ክንዳቸውን ይዘው ሊያነሷቸው ታገሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች መሬቱ ላይ ተያይዘው ሊወድቁ ሲሉ ሂክማ ደገፈቻቸው።

«አልሸሸህም፣ ነስሩ» አሉ አቶ ናሆም።

«ተው።»

«አልሸሸህም እልሃለሁ! የሄድኩት እኔ ነኝ። የተሸከምከው አንተ ነህ።»

ነስረዲን በጥንቃቄ አዩአቸው፤ ትልቅ ሰው ሲጃጃል እንደሚታየው። «ይኼን ለእኔ ስትል ነው» አሉ። «ደግ ነህ፤ ድሮም ደግ ነበርክ። ግን እኔ የማውቀውን ዐውቃለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ኪሩቤል ደውሎ ሲሰድበኝ፣ ወላሂ አልሸሸሁም ብዬ ተከራክሬ ነበር። ከዚያ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ተናገራችሁ። ጓደኞቻችን በሙሉ ተናገሩ። እኔም በጣም ደክሞኝ ነበር፤ ያ ቀን ድብልቅልቅ ብሎብኛል። ዓይኔን ስጨፍን ግን የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። ብቻዬን ነኝ፤ ጉም ውስጥ ነኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ላይ እወጣለሁ። እንዴት ነው ታዲያ?»

«መኪናውን ልታወርድ ነው የወጣኸው። እሱን ሪራ ካደረስክ በኋላ።»

ነስረዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። አላመኑም። በዚያ ቤት መላሽ አልነበረም፤ አይወዱትም ነበር። አቶ ናሆም ይዘው የመጡትን የእጅ መላሽ ከኪሳቸው አወጡ። ምስሉን ትተው ድምፁን ብቻ ከፈቱ። ትንፋሽ። ድንጋይ። ከዚያ የአንድ ወጣት ድምፅ፤ «ዳማ በል። ቦራ በል። ቡላ በል፤ ቡላ እኔን የጣለኝ ነው፤ በል እንጂ!»

ነስረዲን ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቡላ እሳቸውን መጣሉን ከአባታቸው በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ እሳቸውም ረስተውታል። እስኪያልቅ አንድም ጊዜ አላቋረጡም። በሩ ሲንኳኳ፣ «ልመጣ ነበር፤ ጉሙ እስኪገልጥ ነው» የሚለው ድምፅ ሲመጣ፣ ቀና ብለው አቶ ናሆምን አዩ። አቶ ናሆም ዓይናቸውን ማንሳት አልቻሉም። የገዛ ድምፃቸው እዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ ከአዳራሹ ይልቅ ይጮህ ነበር። ጆሯቸው ጋለ።

ሂክማ ግድግዳውን ተደግፋ አፏን በመዳፏ ይዛ ቆማለች።

«ያጠፋሁት ዐውቄ አይደለም ብዬ ልነግርህ አልመጣሁም» አሉ አቶ ናሆም። «እውነት ነው፣ አላወቅኩም። ግን እንዲያ ማለት ራሱ ያሳፍረኛል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየወሰድኩብህ፣ መጨረሻ ላይ አንተን እኔ፣ እኔን አንተ አደረግኩ።»

 ነስረዲን ይጮሁ፣ ይማቱ እንደሆነ አቶ ናሆም ጠበቁ፤ ቢማቱም በወደዱ። ሽማግሌው ግን የተናገሩት ሌላ ነው።

«ፎዚያ ሳትሰማው ሞተች» አሉ።

«እናቴ ናት» አለች ሂክማ በቀስታ። «ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው።»

«ሳላገባት በፊት ነገርኳት» አሉ ነስረዲን። «'እኔ ጓደኛውን ጉም ውስጥ ጥሎ የሸሸ ሰው ነኝ፤ ይኼን ዐውቀሽ ግቢ' አልኳት። 'አላምንም' አለች። 'አንተ የምትሸሽ ሰው አይደለህም፤ ሰዎቹ ተሳስተዋል' አለች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲሁ እንዳለች ነው። እኔም ተቆጣኋት። ታማ ተኝታ፣ ሌት ተቀን አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጄን ይዛ 'አየህ፣ አልሄድክም እኮ' ስትለኝ፣ ወላሂ፣ 'ዝም በይ፣ የማታውቂውን አትናገሪ' አልኳት።» የወደቀውን ልጓም ከመሬት አነሱ። «ሁላችሁም መሸሼን ስታምኑ ያላመነችው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ እንኳን አላመንኳትም።»

አቶ ናሆም ይቅርታ የሚለውን ቃል አፋቸው ላይ አደረሱት። ያ ቃል ለራሳቸው ሊሆን ይችላል፤ ለዚያች ሴት ግን አይበቃም። ዋጡት።

ነስረዲን ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ኮታቸውን ከማንጠልጠያው አወረዱ፤ ሂክማ ልታለብሳቸው ስትመጣ በእጃቸው መለሷት።

«ተነስ» አሏቸው አቶ ናሆምን።

«ወዴት?»

«ተነስ እንጂ።»

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ጥድ የተከበበ ተዳፋት ላይ ነው። ሦስቱ በእግራቸው ሄዱ፤ በመንገድ ላይ ሰዎች ነስረዲንን እየተነሱ ሰላም ይሏቸዋል፤ እሳቸው በጭንቅላታቸው ብቻ ይመልሳሉ። ወደ ላይ ሲታይ የሳኔቲ አምባ ፀሐይ ላይ ነው፤ ጉም የለውም። ከአንድ ዝቅ ያለ የድንጋይ ክምር አጠገብ ነስረዲን ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሂክማም አደረገች። አቶ ናሆም ራቅ ብለው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዙ።

ነስረዲን ዱዓውን ሲጨርሱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁ።

«በል፣ ንገራት» አሉ።

አቶ ናሆም ቀረቡ። ሳኔቲን ያልተናገሩበት ቦታ የለም፤ በሠርግ፣ በምርቃት፣ በየበዓሉ ተናግረዋል። እዚህ ግን ከየት እንደሚጀመር ጠፋቸው። ድንጋዩን አዩ። የሚስቅ የለም፤ የሚያጨበጭብ የለም።

«ወይዘሮ ፎዚያ» አሉ፤ «እኔ ናሆም እባላለሁ። ባለቤትዎ አልሸሸም። የሸሸሁት እኔ ነኝ።»

ድምፃቸው ከጉሮሯቸው ብዙም አልወጣም። ከኋላቸው ነስረዲን ትንሽ ጠበቁና ተናገሩ።

«ጮክ በል» አሏቸው።